አሮጌ የእንጨት ቶርኖ ስትገዙ ብረቱን እዩ፣ ሞተሩ ኋላ ይደርሳል

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ወዳጄ ከምናለሽ ተራ ደወለልኝ። ፊት ለፊቱ አሮጌ የእንጨት ቶርኖ፣ እንጨት እያዞረ የሚያድቦለቡል ማሽን፣ ቆሟል። አጠገቡ ደላላ አለ። ደላላው «ሞተሩ ገና አዲስ ነው፣ ሦስት ፈረስ ጉልበት ነው፣ ሌላ ሰው ቀብድ ሊሰጥ እየመጣ ነው» እያለ ሲያዋክበው በስልኩ ይሰማኛል። «ልግዛው ወይ?» አለኝ። «ሞተሩን ተወውና ስለ ብረቱ ንገረኝ» አልኩት። ዝም አለ። ስለ ብረቱ ምንም አላየማ!

አልፈረድኩበትም። እኔም የመጀመሪያ ቶርኖዬን የገዛሁት በቀለሙና በሞተሩ ድምፅ ነው። አረንጓዴ ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ ማብሪያውን ሲነኩት ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ጉርድ አሰርኩበትና አበራሁት። ጉርዱ ሁለት ሦስቴ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተፈናጥሮ ጆሮዬ አጠገብ አልፎ የቆርቆሮውን ግድግዳ ገጨ። ስርጉዱ ዛሬም አለ። በኋላ የሞተሩን ታርጋ ሳነብ በደቂቃ 2,850 ዙር ይላል፣ ፑሊዎቹ ደግሞ እኩል ናቸው። የጉርዱ ጠርዝ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ነበር ማለት ነው። በመንገድ ላይ ቢሆን ትራፊክ ያስቆመኝ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለዚያ ወዳጄና እንደሱ ለሚያስቡ ነው። ሐሳቤ አንድ ነው። ሞተር በአራት ብሎንና በአንድ ቺንጋ የተያያዘ ነገር ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይቀየራል። ጠማማ መቀመጫ ወይም የተበላ ስፒንድል (እንጨቱን የሚያዞረው ዘንግ) ግን አብሯችሁ ይኖራል። ሻጮች በተቃራኒው ሞተሩን ያስቀድማሉ፤ ሞተር ድምፅ ያሰማላ፣ ብረት ዝም ይላል።

ዋጋ አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የማሽን ዋጋ ወር ሳይሞላው ይለዋወጣል፣ እዚህ የምጽፈው ቁጥር ስታነቡት ያረጃል።

የትኛውን ቶርኖ?

ገበያ ላይ በብዛት የሚያጋጥማችሁ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው በያጅ የሠራው ነው። መቀመጫው ከቱቦላሬ ወይም ከዩ ብረት፣ ስፒንድሉ ብረት ቆራጭ ቶርኖ ላይ የተሠራ ዘንግ፣ ኩሽኔታው ለወፍጮ ወይም ለማንኛውም ማሽን የሚሆን ባለ መኖሪያ ኩሽኔታ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። የአልጋና የጠረጴዛ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ ምሰሶ በቀን በቀን የሚያወጡ ብዙ ቤቶች በዚህ ዓይነት ነው የሚሠሩት። ትልቁ ጥቅሙ ርዝመቱ ነው፣ አንድ ሜትር ከሃያ ብትፈልጉ አለ፣ ሁለት ሜትር ብትፈልጉም አለ። ሲበላሽ የሠራው ሰው እዚያው ሠፈር ነው። ችግሩ ክብደት ነው። ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው፣ ትንሽ ሚዛኑን የሳተ እንጨት ሲዞርበት እንደ ከበሮ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ችግር ብየዳ ብረት ያጣምማል፤ በያጁ በየቦታው ጥቂት ጥቂት እየነካካ ሳይሆን በአንድ ጉዞ ከበየደው መቀመጫው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ጎብጦ ከሆነ እንጨቱን ከሁለት ጫፍ የሚይዙት የግራና የቀኝ ሹሎች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ቴልስቶኩን (የቀኙን ሹል የሚይዘውን ተንሸራታች) ወደ ኋላ ስትጎትቱት ይተላለፋሉ።

ሁለተኛው ድሮ ከአውሮፓ የገባ የካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ቶርኖ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ከተዘጋ የእንጨት ፋብሪካ፣ ከድርጅት ንብረት ማስወገጃ ይወጣል። አብዛኛው የሚሸጠው በጨረታ ነው፣ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «ባለበት ሁኔታ» በሚል ይወጣል፣ ሲፒኦ አስይዛችሁ ትወዳደራላችሁ። «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋን ቃል በደንብ አንብቧት፣ ከገዛችሁ በኋላ አቤት የሚባልበት የለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቶርኖው ብቻውን አይሸጥም፣ ከአራት ዴስክና ከተሰበረ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር በአንድ ሎት ይታሰራል። ያም ሆኖ እኔ ምርጫ ካለኝ ይህን እወስዳለሁ። ካስት አይረን ንዝረት ይውጣል። ሦስት አራት መቶ ኪሎ የሚመዝን ማሽን ላይ መሮ ስታሳርፉ እጃችሁ ይለየዋል። ሞተሩ ተቃጥሎ ወይም ተሰርቆ ቢሆን እንኳ ደስ ይበላችሁ፣ በዋጋው ላይ መደራደሪያ አገኛችሁ።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የቻይና ትንሽ ቶርኖ ናት። ብዕር፣ የጀበና ክዳን፣ የመሮ እጀታ፣ ትንሽ ሳህን ለሚሠራ ታጠግባለች። ቦታ አትይዝም፣ ሁሉ ነገር አብሯት ይመጣል። በውስጧ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዲሲ ሞተርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። ቦርዱ ከተቃጠለ ተመሳሳዩን ማግኘት ጣጣ ነው። አሮጌዋን ከመግዛታችሁ በፊት ፍጥነቱን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ መሃል ላይ የሚዘልል ወይም የሚያቋርጥ ከሆነ ቦርዱ እየሞተ ነው።

«የብረት ቶርኖ ባገኝስ?» የሚሉኝ አሉ። ይሠራል፣ ግን ሰጋቱራ የብረት ቶርኖውን ቅባት እየመጠጠ ተንሸራታቹ ላይ ይጋገራል፣ ማሽኑን ያበላሻል። ለአንዳንድ ጊዜ ካልሆነ ተዉት።

ሲያዩት ምን ያያሉ?

ይዛችሁ የምትሄዱት ትንሽ ነው፦ ሜትር፣ ካቻቪቴ፣ እንደ ክንድ የሚረዝም የመጥረጊያ እንጨት፣ የስልክ ባትሪ መብራት።

መጀመሪያ ሻጮቹን ሞተሩን እንዳያበሩት ንገሯቸው። ቺንጋውን አውልቁና ስፒንድሉን በእጃችሁ አዙሩት። ለስላሳ መሆን አለበት። የሚያንገጫግጭ፣ አሸዋ ያለበት የሚመስል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥሎ የመጥረጊያውን እንጨት ከስፒንድሉ አፍንጫ ስር አስገብታችሁ ወደ ላይ ፈንቅሉት። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ልቅነት አለ። ይህ ራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ኩሽኔታ በቁጥሩ ይገዛል፣ ይቀየራል። የሚያስደነግጠው ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ወይም ዘንጉ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ነው። አንዳንዱ ሻጭ የላላውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ቁራጭ ወይም በነጥብ ብየዳ ሞልቶ ያሸጋል። መብራት አብርታችሁ ጠርዙን እዩ።

ከዚያ ጥርሱ። የስፒንድሉ አፍንጫ ላይ ያለው ጥርስ እንጨቱን የሚይዙት ቻክና ፌስፕሌት የሚታሰሩበት ስለሆነ መደበኛ ቢሆን ይመረጣል። ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት ያለው 1 ኢንች በ8 ጥርስ እና የአውሮፓው ኤም 33 በ3.5 ነው። የናንተው ከሁለቱ ካልሆነ አትሸበሩ፣ አንድ ጎበዝ የብረት ቶርኖ ሠራተኛ ፌስፕሌት በልኩ ያወጣላችኋል። ቻክ ግን ስትገዙ በአስማሚ ነው የምትሠሩት። ጥርሱ ተጨፍልቆ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። የስፒንድሉ ውስጥ ደግሞ ሾጣጣ ቀዳዳ መኖር አለበት፣ ሞርስ ቴፐር ይባላል። አፉ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቁጥር 2 ነው፣ ወደ 12 ከሆነ ቁጥር 1። ቁጥር 2 ከሆነ ዕቃ ማግኘት ይቀላል። ቀዳዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለፈ እሰየው፣ የተጣበቀውን ሹል ከኋላ በዘንግ መትታችሁ ታወጡታላችሁ።

አሁን ቴልስቶኩን እየገፋችሁ ሹሉን ከግራው ሹል ጋር አፍንጫ ላፍንጫ አገናኙት። ጫፍና ጫፋቸው መሳሳም አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ለጠረጴዛ እግር ምንም አይደለም። አምስት ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ሰው ማሽኑን ጥሎታል፣ ወይም ቴልስቶኩ የሌላ ማሽን ነው። በሁለቱም ቢሆን ትታችሁት ሂዱ።

ካስት አይረን ከሆነ በካቻቪቴው እጀታ እየነካካችሁ ስሙት። ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። አዲስ ቀለም የተቀባበት ቦታ ላይ በተለይ ጆሯችሁን ጣሉ። ቶርኖ ሙሉውን ሲቀባ አንድ ነገር ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀባ ግን ከስሩ የሆነ ነገር አለ።

ከዚያ የጎደለውን ቁጠሩ። መሮ ማስደገፊያው አለ? መቆለፊያው ይጠብቃል? አሮጌ ቶርኖዎች ብዙ ጊዜ ሲንከራተቱ የሚጠፋባቸው ይሄ ነው። ማሠራት ይቻላል፣ ግን ከዋጋው ላይ ቀንሱት።

ልክ ስትለኩ ሁለት ቁጥር ይበቃል። ከሹል እስከ መቀመጫው ያለው ቁመት እጥፉ፣ ማዞር የምትችሉት ትልቁ ስፋት ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ሳህን። ከሹል እስከ ሹል ደግሞ ርዝመቱ። የደረጃ ምሰሶ ለመሥራት ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። ሳህን ብቻ ለሚሠራ ሰው ርዝመት ትርፍ ነው፣ ቦታ ይበላል።

ሞተሩ፦ መጀመሪያ ቆጣሪያችሁን እዩ

ሰው ሞተር ሲመርጥ ከፈረስ ጉልበት ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከበር ላይ ካለው ቆጣሪ ነው። ሲንግል ፌዝ (አንድ የመብራት መስመር) ነው ወይስ ሦስት ፌዝ (ሦስት መስመር)?

ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ካላችሁ ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል። ሦስት ፌዝ ሞተር ግዙ። ካፓሲተር የለውም፣ ውስጡ የሚበላሽ ማስነሻ የለውም፣ ሲነሳ አይንገዳገድም፣ ሁለት ሽቦ በማቀያየር አቅጣጫው ይገለበጣል። 1.5 ኪሎ ዋት የሆነው አራት አምፔር እንኳ አይስብም። በተመሳሳይ ጉልበት ሲንግል ፌዙ ዘጠኝ አስር አምፔር ይስባል።

አብዛኛው ሰው ግን ጓሮው ውስጥ ያለው ሲንግል ፌዝ 220 ነው። ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ ሲንግል ፌዝ ሞተር፣ ወይ ሦስት ፌዝ ሞተር ከኢንቨርተር ጋር።

ሲንግል ፌዙ ቀላሉ ነው። ባለ ሁለት ካፓሲተሩን ፈልጉ፣ አንዱ ለማስነሻ አንዱ ለመሮጫ። የመሮጫ ካፓሲተር ብቻ ያለው፣ በተለይ ለማራገቢያና ለትንሽ ፓምፕ የተሠራው፣ ከባድ ጉርድ ይዞ መነሳት ያቅተዋል፣ እያጉረመረመ ይቆማል። ያኔ ቶሎ ካላጠፋችሁት ይቃጠላል። ሞተር ሲነሳ ከታርጋው አምፔር አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል፣ ስለዚህ ከግቢ በር እስከ ጓሮ የተዘረጋች ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩት። መብራት የሚዳከምበት ሠፈር ከሆናችሁ ደግሞ ይህን አስሉ፦ የሞተር የማዞር አቅም ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚወርደው። 220 የነበረው ማታ 180 ሲሆን ሞተሩ አቅሙን በሲሶ ያጣል። «ጠዋት ይሠራ የነበረ ማታ እምቢ አለኝ» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሞተሩን ለመጠቅለል ሳትወስዱ በፊት ቮልቴጁን ለኩ።

ኢንቨርተሩ፣ ባለሙያዎቹ ቪኤፍዲ የሚሉት፣ የኔ ምርጫ ነው። ከግድግዳ ሲንግል ፌዝ 220 ይወስዳል፣ ሦስት ፌዝ 220 ያወጣል። እንደዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ እስከ 2.2 ኪሎ ዋት፣ ማለትም እስከ ሦስት ፈረስ ጉልበት ድረስ ይገኛል፣ ለእንጨት ቶርኖ ከበቂ በላይ ነው። ጥቅሙ ፍጥነቱን በአንዲት ቁልፍ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከላችሁ ነው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ብሬከር አይጥልም።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የሞተሩ ታርጋ 220/380 የሚል ከሆነ ደህና ነው፣ የግንኙነት ሳጥኑን ከፍታችሁ ሦስቱን የነሐስ ማገናኛዎች ከስታር ወደ ዴልታ ታዞራላችሁ፣ በ220 ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ስታር ላይ ማገናኛዎቹ አንዱን ረድፍ ሦስት ጫፍ አንድ ላይ ያስሩታል፣ ዴልታ ላይ ላይና ታቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ያያይዙታል። ታርጋው 380/660 የሚል ከሆነ ግን በ220 ኢንቨርተር ሙሉ ጉልበቱን አታገኙትም። ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ሳይሆን ሦስት ሽቦ ብቻ የወጣበት ሞተርም አለ፣ ስታሩ ውስጥ ታስሮ የቀረ። እሱን ጠቅላይ ባለሙያ ከፍቶ ካላወጣው በቀር ለኛ አይሆንም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሳጥኑን አስከፍቱ። ሻጩ እምቢ ካለ ምክንያት አለው።

ሌላ ሁለት ነገር። በኢንቨርተሩና በሞተሩ መሃል ማብሪያ ማጥፊያ አታስገቡ፣ ኢንቨርተሩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ማስነሻና ማቆሚያው ወደ ኢንቨርተሩ መቆጣጠሪያ ጫፎች ነው የሚሄደው። በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ረጅም ጊዜ አትሥሩ፣ የሞተሩ ማራገቢያ ከዘንጉ ጋር ስለሆነ የሚዞረው አብሮ ይዘገያል፣ ሞተሩም ይግላል። ለዚህ ነው ኢንቨርተር ቢኖራችሁም ባለ ደረጃ ፑሊውን አትጣሉት የምለው።

ዙሩና ጉልበቱ

የሞተር ዙር የሚወሰነው ውስጡ ባሉት የማግኔት ፖሎች ቁጥር ነው። በ50 ኸርዝ መብራት ላይ ባለ ሁለት ፖል ሞተር በደቂቃ 2,850 ገደማ ይዞራል፣ ባለ አራት ፖል 1,440 ገደማ፣ ባለ ስድስት ፖል 950 ገደማ። ለእንጨት ቶርኖ ባለ አራት ፖሉን ያዙ። ባለ ስድስቱ ትልልቅ ሳህን ብቻ ለሚሠራ ሸጋ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ በቀላሉም አይገኝም። ባለ ሁለቱን... የኔን የቆርቆሮ ግድግዳ አስታውሱ።

ፍጥነት ለመምረጥ የምጠቀምባት ስሌት ቀላል ናት። የእንጨቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር በዙሩ አባዙት፣ ከ15,000 እስከ 22,000 ቢወጣ ጥሩ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ሳህን ከ500 እስከ 730 ዙር ይፈልጋል። 8 ሴንቲ ሜትር የጠረጴዛ እግር ወደ 2,000 ቢደርስ ምንም አይለውም። እንጨቱ ገና ያልተድቦለቦለ ከሆነ ከዚያ በግማሽ ጀምሩ።

አሁን ፑሊ። ሞተሩ ላይ 8፣ 11 እና 14 ሴንቲ ሜትር፣ ስፒንድሉ ላይ 16፣ 13 እና 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ደረጃ አሠሩ። ድምራቸው ሁሌ 24 ስለሆነ አንዱ ቺንጋ ለሁሉም ይሆናል። በ1,440 ሞተር 720፣ ወደ 1,220 እና ወደ 2,000 ዙር ታገኛላችሁ፣ ሳህኑም እግሩም ተዳረሰ ማለት ነው። ይኸንኑ ፑሊ በባለ ሁለት ፖል ሞተር ብታስሩት ዝቅተኛው 1,425 ይሆናል፣ ለሳህን እንቢ ነው። ኤ የሚባለው ባለ 13 ሚሊ ሜትር ቺንጋ ይበቃል፣ ግን ፑሊውን ከ7.5 ሴንቲ ሜትር አታሳንሱት፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል።

ጉልበት ላይ ሰው ያጋንናል። ለእግርና ለምሰሶ አንድ ፈረስ ጉልበት፣ 0.75 ኪሎ ዋት፣ ይበቃል። 30 ሴንቲ ሜትር ሳህን ለሚሠራ አንድ ተኩል። ከ40 በላይ ከሄዳችሁ፣ በተለይ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ከሆነ፣ ሁለት። ሦስት ፈረስ ጉልበት ምን ልታደርጉበት ነው?

ደግሞም ታርጋ ይዋሻል። ሦስት ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተለጠፈበት ሲንግል ፌዝ ሞተር አይቻለሁ፣ አምፔሩ ስድስት ይላል። 220 በ6 ሲባዛ 1,320 ነው። ከግድግዳ 1,320 ዋት የሚወስድ ሞተር 2,200 ዋት ከየት ያመጣል? አንድ ፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ነው። አምፔሩን እመኑ፣ የፈረሱን ቁጥር ተዉት። ታርጋው ከሌለ ከእግሩ መቀመጫ እስከ ዘንጉ መሃል ለኩ፤ 80 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዘንጉ 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተለመደው ባለ አራት ፖል 0.75 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ 90 ሆኖ ዘንጉ 24 ከሆነ ከ1.1 እስከ 1.5 ነው።

ሰውነቱ የተዘጋ ሞተር ይሁን፣ ማራገቢያው ከኋላ ውጪ ያለው። በጎኑ ቀዳዳ ያለው ክፍት ሞተር ሰጋቱራና አቧራ ይጠጣል፣ በሲንግል ፌዙ ላይ ደግሞ ማስነሻዋ ትንሽ ማብሪያ ላይ ይጋገርና አንድ ቀን እምቢ ይላል።

ከሌላ ማሽን ስለ ተፈታ ሞተርም እጠየቃለሁ። የውሃ ፓምፕ ሞተር፦ አብዛኛው ባለ ሁለት ፖል፣ ዘንጉም አጭር ነው፣ ይለፈኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለ ካርቦን ሞተር፦ ጫጫታ ነው፣ ያለ ጭነት ያብዳል። የኮምፕሬሰር፦ ታርጋውን እዩ፣ ባለ አራት ፖል ከሆነ እሺ። የወፍጮ ቤት ሞተር ደግሞ ለቶርኖ ከልክ ያለፈ ትልቅ ነው። የተጠቀለለ ሞተር ግን አትፍሩ፣ ጥሩ ጠቅላይ በመዳብ የሠራው ከርካሽ አዲስ ይሻላል። አፍንጫችሁን ወደ ሳጥኑ አስጠጉና አሽትቱ፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አይደበቅም። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ባዶውን አስሩጡት። ሻጩ ሻይ ይጠጣ፣ እናንተ ጠብቁ። ሞተሩ ግሎ እጅ የማያስነካ ከሆነ በሉ ቸር ሰንብቱ።

ማብሪያው

ይህን ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሞተሩ እኩል አየዋለሁ። ተራ የግድግዳ ማብሪያ አድርጋችሁ እየሠራችሁ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ትተዋላችሁ፣ ቡና ልትጠጡ ትገባላችሁ። ልጅ ቶርኖው ላይ ይንጠላጠላል። መብራት ይመጣል። ስለዚህ ባለ ኮንታክተር ማስነሻ ግዙ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ ይለቅቃል፣ አረንጓዴውን እንደገና ካልተጫኑት አይነሳም። ኢንቨርተር የምታስሩም ብትሆኑ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ ቅንብሩን አረጋግጡ። ቀዩን ማጥፊያ ደግሞ ጉርዱ ቢፈናጠር በሚሄድበት አቅጣጫ አታድርጉት፣ ለማጥፋት ብላችሁ ፊታችሁን ልታስገቡ ነው።

ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ስካርፍ የለም። የፊት መከለያ አለ።

«ከአሜሪካ ልላክልህ» ላሉት

ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ዘመድ ዴልታ ወይም ፓወርማቲክ የሚባል ኩባንያ የሠራው አሮጌ ቶርኖ አገኘሁ ካለ ጥሩ ብረት ነው፣ እምቢ አትበሉ። ሞተሩ ግን የ120 ቮልትና የ60 ኸርዝ አገር ሰው ነው። ታርጋው 115/230 ካለ ውስጡን ወደ 230 ማዞር ይቻላል፣ ግን በኛ 50 ኸርዝ ዙሩ በስድስት አንድ እጅ ይቀንሳል፣ 1,725 የነበረው ወደ 1,430 ይወርዳል፣ ትንሽም ይግላል። 115 ብቻ የሚል ከሆነ ወይም የፍጥነት ቦርድ ያለው ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ሞተሩን እዚያው ፈትቶ ይጣለው፣ ጭነቱም ይቀላል፣ እዚህ ሌላ እናስርበታለን እለው ነበር።

ወዳጄ የዚያን ቀን ሳይገዛ ተመለሰ፤ ሹሎቹን ሲያገናኛቸው የጣት ስፋት ያህል ተላለፉበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሞተር የሌለው፣ አቧራ የለበሰ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ካስት አይረን አገኘ። ስድስት ሰው ሆነው አይሱዙ ላይ ጫኑት። አሁን ጓሮው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል፣ እሱ ደግሞ ባለ ስድስት ሽቦ ሞተር እየፈለገ በየቀኑ የታርጋ ፎቶ ይልክልኛል። የዛሬው 380/660 ይላል።